ሃብቶም ሁለተኛውን ግብዣ ሲጠብቅ

ሃብቶም በዕድሜው በብዙ ሰው ቀንቷል። ባለመኪና አይቶ ቀንቷል፤ ልጆቻቸው ዶክተር በሆኑላቸውም ቀንቷል። እንደ ሹዓይብ ግን አንጀቱን ያሳረረው የለም። ሹዓይብ ደግሞ ወዳጁ ነው! በኦስሎ፣ በግሩነርሎካ ሰፈር የሚያልፈውን ትራም የሚነዳ፣ ከባሕር ጋር ያለው ዝምድና በቆርቆሮ ሰርዲን ብቻ የሆነ የወሎ ልጅ።

ሃብቶም ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ምጽዋ ተወልዶ፣ በጎረምሳነቱ አራት ዓመት በባለሸራ ጀልባ ጨው ጭኖ ወደ ደቡብ እስከ አሰብ ተመላልሷል። ከዚያ ጦርነት፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ኦስሎ። አሁን በየጸደዩ ወደቡ ላይ የሰው ጀልባ ሆድ ይፍቃል፣ ቀለም ይቀባል። ስለ ድሮው ለአንድም ኖርዌያዊ ተናግሮ አያውቅም። ማን ጠይቆት!

ነገር የተበላሸው በፈረንጆች 2008፣ በግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ነው። ሹዓይብ ከሰፈሩ ከቫይትቬት ሊጠይቀው መጥቶ አጠገቡ ቆሟል። ሃብቶም ጀልባውን የሚፍቅለት ጡረተኛው አርነ መጣ።

"ሃብቶም፣ በሰኔ ወደ ደቡብ ልወርድ ነው" አለ። "የስዊድንን ዳርቻ ይዤ፣ በዴንማርክ አልፌ፣ እስከ ሆላንድ። አርጅቻለሁ፤ ጀልባዋን እዚያው እሸጣታለሁ። ረዳት እፈልጋለሁ። ትመጣለህ?"

የሃብቶም ልብ ዘለለ። ዳግመኛ በሸራ መሄድ! ግን የጨዋ ልጅ ነውና በመጀመሪያው ጥሪ አይንደረደርም። "ናይ፣ ናይ፣ አላስቸግርህም" አለና በኖርዌይኛ አንገቱን ደፋ። በወጉ አርነ "ኧረ በሞቴ!" ሊል ነው፤ ሃብቶም አንዴ ተግደርድሮ እሺ ሊል ነው።

አርነ "እሺ" አለ። ወደ ሹዓይብ ዞሮም "አንተስ?" አለው።

"ያ! እመጣለሁ!" አለ ሹዓይብ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ። በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ ትምህርት ቤት ያደገ ነው፤ መግደርደርን ማን አስተምሮት።

ከዚያ ወዲያ ለሃብቶም ምግብ አልዋጥለት አለ። ሃውገሩድ ሰፈር ባለው ቤታቸው ሚስቱ ሓዳስ ታዘበችው።

"ሂድና እፈልጋለሁ በለው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።"

"ለምኜ ልሂድ?"

"ሰውዬው እኮ ጠይቆሃል!"

"አንዴ!" አለ ሃብቶም። "አንዴም መጠየቅ ይባላል?"

ይባስ ብሎ ሹዓይብ በየቀኑ ይደውላል። "ጋሼ፣ ፌሪየን፣ የዓመት ዕረፍቴን በሙሉ ወሰድኩ! ባሕር ሲያቅለሸልሽ ምን ይደረጋል?" ሃብቶም "እኔ ምን አውቄ" ብሎ ይዘጋበታል። ማዕበል ሹዓይብን ሲያንገላታው በዓይነ ሕሊናው እያየ ደስ ይለዋል፤ ወዲያው ደንግጦ ያማትባል።

የመሄጃቸው ጧት ሃብቶም ላይመጣ ምሎ ወደቡ መጣ። ሹዓይብ የሸራውን ገመድ እንደ ጫማ ክር ያስራል። ሃብቶም ትንሽ ታገሠ፤ ከዚያ አልቻለም። ዘሎ ገባ፣ ቋጠሮውን ፈታ፣ እንደገና በአንድ ትንፋሽ አሰረው። ጉንጩን ለነፋሱ ሰጠና አርነን፣ "ትልቁን ሸራ ገና አትክፈት። ከደሴቶቹ ስትወጣ ነፋሱ ይዞርብሃል" ሲል አዘዘው።

አርነ አፉን ከፍቶ አየው። "የት ተማርክ?"

"ቀይ ባሕር። አራት ዓመት።"

"ስድስት ዓመት ጀልባዬን ስትፍቅ አንድ ቀን እንኳን አልነገርከኝም!" ሽማግሌው ተቆጣ። "እኔ እኮ ባሕር የምትፈራ መስሎኝ ነው። ደግሜ ብጠይቅህ የማሳፍርህ መስሎኝ ተውኩት።"

ለካ እሱም ይሉኝታ ነበረው። ሃብቶም "ውሰደኝ" ሊል ከንፈሩ ተላቀቀ። ግን ውስጥ ያለው አልጋ ሁለት ብቻ ነው፤ በአንዱ ላይ የሹዓይብ ቦርሳ ተቀምጧል። ልጁም ዓይኑ እየተቁለጨለጨ ያየዋል። ሃብቶም ወረደ።

ጀልባዋ ስትርቅ ቅናቱ አልለቀቀውም። ያም ሆኖ ሹዓይብ ጫፏ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ሲያውለበልብ አላስቻለውም፤ "አንድ እጅህን ለጀልባዋ! ያዝ አንተ ልጅ!" ብሎ ጮኸ። ሹዓይብ ያዘ።

ሸራው ከደሴቶቹ ኋላ እስኪሰወር ድረስ ሃብቶም ካለበት አልተነቃነቀም። ከዚያ "መሄድ እፈልጋለሁ" አለ፣ ጮክ ብሎ፣ በጠራ ኖርዌይኛ። ወደቡ ላይ ማንም አልነበረም።