የቢቢ ኦይኒሶ ትኩስ ጨው

ቢቢ ኦይኒሶ በዚህ ዓለም አንድ ጠላት ብቻ ነበራት፤ እሱም ብርድ ነው። የኢስታራቭሻን ከተማ ሰፈርተኛ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ በበጋው ቃጠሎ እንኳ ሐብሐቧን ፀሐይ ላይ ሳታሞቅ አትቀምስም። ባሏ የሞተው በእርጅና ቢሆንም፣ እሷን ከጠየቃችኋት የገደለው አንድ ቀን ኮፍያውን ረስቶ መውጣቱ ነው። ጨቅላ የተወለደበት ቤት ሁሉ እሷን ያስጠራል። ጨው በብረት ድስት አግላ፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ ከሕፃኑ እግር ሥር ትሸጉጣለች። እሷ ያሞቀችው ልጅ እንደ ዳቦ ኩፍ ይላል ይባላል።

የራሷ የልጅ ልጅ ፋይዙሎ ግን ልቡ ታሞ ተወለደ። ዋና ከተማው ዱሻንቤ ሆስፒታል ወስደው በቀዶ ጥገና ቢጠግኑለትም ልቡ ደክሞ ደም መግፋት አቃተው። ዶክተር ሻህኖዛ ሕፃኑን ቀዝቃዛ ውሃ በሚዘዋወርበት ፍራሽ ላይ አስተኛችው።

"በቁሙ ልትቀብሩት ነው?" አለች ቢቢ ኦይኒሶ በመስታወቱ አሻግራ እያየች። "የበግ ሥጋ እንኳ እንዲህ አይቀዘቅዝም!"

"እማማ፣ ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ የሚፈልገው ኦክስጅን ይቀንሳል። ያኔ ደካማ ልቡ የሚያደርስለት ይበቃዋል" አለች ዶክተሯ። "ኦክስጅን ሲያጥረው ደሙ ውስጥ ላክቴት የሚባል አሲድ ይጠራቀማል። ከትናንት ጀምሮ እየወረደለት ነው፤ ተስፋ አለው። ብቻ አደራ፣ እንዳታሞቁት።"

የሕፃኑ እናት፣ የቢቢ ኦይኒሶ ምራት ኖዚጉል፣ እያንዳንዷን ቃል ያዘች። ቢቢ ኦይኒሶ የሰማችው "አሲድ" የሚለውን ብቻ ነው።

"ልጃችንን የመኪና ባትሪ አደረጉት!"

በማግስቱ ገብታ እንድትስመው ሲፈቀድላት፣ በሆስፒታሉ ወጥ ቤት ያጋለችውን ጨው በሁለት ቋጠሮ ቀሚሷ ሥር ደብቃ ገባች። ነርሷ ዞር ስትል በግራና በቀኙ ሸጎጠችለት።

"አይዞህ የኔ ጌታ፣ አያትህ መጥታለች።"

እግሩ ሞቀ። ጉንጩ ቀላ። ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ አምሮበት አይታው አታውቅም።

ልቡ ግን ከሙቀቱ ጋር እሽቅድምድም ገጠመ። ማሽኑ ጮኸ፣ ሐኪሞቹ ተራወጡ፣ ሲወርድ የቆየው ላክቴት ሽቅብ ተተኮሰ። ቋጠሮዎቹ ሲገኙ ገና ትኩስ ነበሩ። ፋይዙሎ አልተረፈም። ዶክተሯ የሆነውን ለኖዚጉል ስትነግራት፣ ቢቢ ኦይኒሶ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተዘርፍጣ ሆስፒታሉን ትረግም ነበር።

ለቅሶው ላይ "በበረዶ ገደሉት!" እያለች አነባች፤ እንባዋ የእውነት ነበር። በረዶው ግን ከአፍ ወደ አፍ ባለፈ ቁጥር እየተቆለለ ሄዶ፣ ሲመሽ ወሬው ሕፃኑን ከዓሣ ጋር በአንድ የበረዶ ሳጥን አስተኝቶት ነበር።

ጎረቤቷ ሳዮራ ጠጋ አለች። "ቢቢ፣ በሐዘንዎ ላይ ማስቸገር ሆነብኝ እንጂ የልጄ ሚስት ወልዳለች። ጨውዎን ይዘው ብቅ ቢሉልን…"

ቢቢ ኦይኒሶ ሻሿን አስተካክላ ስትነሳ ኖዚጉል በሩ ላይ ተገተረች። እዚህ ቤት ከገባች ወዲህ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

"እናቴ፣ ልጄን የገደለው ጨውዎ ነው። እየዳነ ነበር!"

ቢቢ ኦይኒሶ ያ የቀላ ጉንጭ ድቅን አለባት፤ ተመልሳ ቁጭ አለች። ቀና ስትል ሴቶቹ ሁሉ እሷን ያያሉ።

"ምስኪን" አለች በመጨረሻ፤ "ብርድ መቷታል። ትቀባዥራለች።"

"እውነትም ትንቀጠቀጣለች!" አለች ሳዮራ።

ሴቶቹ ተረባርበው ኖዚጉልን አስተኟት፤ ብርድ ልብስ በላይ በላዩ ደረቡባት። ትጮኽ ነበር፤ አራተኛው ሲደረብ ድምጿ ከሥሩ ታፍኖ መሰማቱን አቆመ። ቢቢ ኦይኒሶ አምስተኛውን ራሷ አምጥታ እስከ አፍንጫዋ ድረስ ጠቀጠቀችላትና ለሳዮራ የልጅ ልጅ ጨው ልታግል ወጣች።