«ክሊር ነው» የተባለው የሞጣ መንገድ

በዚያ ቀን ቢቸና መናኸሪያ በቆመው ሚኒባስ ውስጥ የነበርነውን ልቁጠር። መሪው ላይ ሾፌሩ፤ ከጎኑ ቄሱ አጎቴ፤ ከኋላቸው እናቴና እኔ፤ ከእኛ ቀጥሎ ሞጣ እንግሊዝኛ የምታስተምር መምህርት፤ መጨረሻ ወንበር ላይ ሁለት ማር ነጋዴዎች፣ አንዱ ሽማግሌ፣ አንዱ ጎልማሳ። ሰባት ነበርን። ስም አልጠራም።

እኅቴ ሞጣ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ወልዳ ደሙ አልቆም ብሏት ነበር። ባሏ ጠዋት ደውሎ፣ «ደሟ ካንተ ጋር አንድ ነው፤ ዛሬውኑ ድረስ» አለኝ። ሌላ ሊጨምር ሲል ኔትወርኩ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ በከተማው የማንም ስልክ አልሠራም።

ሾፌሩ ግን ሞተር አላስነሣም። ያን ሰሞን የሾፌሮች ደንብ ነበር፤ ከወዲያ መኪና ካልመጣ ከወዲህ መኪና አይወጣም። መንገዱን በዓይኑ ያየው የመጣው ሾፌር ነውና የሚታመነው እሱ ብቻ ነው።

አጎቴ፣ «ልጄ፣ እንውጣ እንጂ» አሉት።

«አባ፣ ይታገሡ። ገነትም ቢሆን ተራ ይጠበቃል።»

ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ከሞጣ በኩል አንድም መኪና አልመጣም። እናቴ የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ክንዴን ትይዝ ነበር።

ስድስት ሰዓት እንዳለፈ አንድ ነጭ ሚኒባስ በደብረ ወርቅ በኩል መጣ። ሾፌሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ እጁን በመስኮት አወጣና፣ «ክሊር ነው!» ብሎ አለፈ።

የእኛ ሾፌር ሞተሩን አስነሣ። መምህርቷ ጭኔ ላይ ያለውን ሽፋን የሌለው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አይታ ነበርና፣ «ባለ መዝገቡ፣ ክሊር ስንት ትርጉም አለው?» አለችኝ።

«አንድ ገጽ አይበቃውም» አልኋት። «ውሃ ሲጠራ ክሊር ነው። ደመና ሲገፈፍ፣ ገበታ ሲነሣ፣ ጫካ ሲመነጠር፣ የተከሰሰ ነጻ ሲወጣ። እኛ ደግሞ ነገሩ ሲገባን 'ክሊር ነው' እንላለን። ከመሥሪያ ቤት ስንለቅ ክሊራንስ እንጠየቃለን።»

አጎቴ ዞር አሉ። «እኛ አንዱን ቃል ሁለት ስናደርገው ቅኔ ነው። ይህን ሁሉ ሲያሸክሙት ምን ይባላል?»

«ፈተና ይባላል፣ አባ» አለች መምህርቷ። ማር ነጋዴዎቹ ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ከጉንደ ወይን ወዲያ ያለው ጥርጊያ በዝናብ ስለላቆጠ፣ በዚያ ሳምንት ከሞጣ የመጣ መኪና ሁሉ እስከ በሩ እጀታ ጭቃ ለብሶ ነበር የሚገባው። ነጩ ሚኒባስ ጎማው እንኳ ደረቅ ነበር። ከሞጣ አልመጣም፤ ምናልባት ከደብረ ወርቅ አላለፈም። ይህን አየሁ። ብናገር ሾፌሩ ሞተሩን ያጠፋል፤ እኅቴም ትጠብቃለች። ዝም አልሁ።

ከጉንደ ወይን በኋላ መንገዱ በእርግጥም ባዶ ነበር። ጤፉ ታጭዶ ግማሹ እማሳው ላይ ተትቷል፤ አጫጅ ግን የለም። ቤቶቹ በቀን ተዘግተዋል። ያን ጊዜ ስለ ቃሉ ያላሰብሁትን አሰብሁ፤ በትርጉሞቹ ሁሉ ውስጥ የተወሰደ ነገር አለ፣ ከዚህ መንገድ ላይ የተወሰደው ግን ሰው ነው።

አንድ ኩርባ ስንዞር መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ አገኘነው። አጠገቡ ማንም የለም። አጎቴ በሩን ሊከፍቱ ሲሉ ሾፌሩ በሹክሹክታ፣ «አይውረዱ አባ፤ አይንኩት» አለ።

መዞሪያ ቦታ ስላልነበረ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ሆነ። ሽማግሌው ማር ነጋዴ ሊመሩን ወረዱ። ከኮረብታው ላይ አንድ ፉጨት ተሰማ፤ ሾፌሩ ደንግጦ ነዳጅ ረገጠ፤ የኋላ ጎማው በጭቃው ተንሸራቶ የሽማግሌውን እግር ከቦዩ ጠርዝ ጋር አጣበቀው። አጥንቱ ሲሰበር ከውስጥ ሆነን ሰማነው።

ተሸክመን አስገባናቸውና ጉንደ ወይን ተመልሰን አደርን። በማግስቱ ጠዋት ጭቃ የለበሰ አውቶቡስ ከሞጣ መጣ፤ እኛም ወጣን። እኅቴ በሕይወት ነበረች፤ አንዲት የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ ደም ሰጥታታለች። የእኔን የሚፈልግ አልነበረም። ሽማግሌው እዚያው ሆስፒታል ተኙ። ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ሲያገኙኝ፣ «እኅትህ ደኅና ናት?» ይሉኛል፤ ያየሁትን አያውቁም፤ ነገር ግን ይህን ጽሑፍ አነብላቸዋለሁ።

አብራችሁኝ የነበራችሁ ስድስታችሁ፣ የጎደለውን ሙሉበት። ሽማግሌው ከመውረዳቸው በፊት ለሾፌሩ አንድ ነገር ብለውት ነበር፤ እኔ አልሰማሁትም። ፉጨቱስ የእረኛ ነበር ወይስ የሌላ? የሰማ ይጻፍልኝ።