እሺ እሺ እና ገጽ ገላጯ

ታላቅ እህቴን በየአዳራሹ ፒያኖ ስትጫወት ያያት ሰው ሁሉ «እሺ እሺ» ነበር የሚላት። በየገጹ መጨረሻ ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘንበል ታደርጋለች፤ ለማይታይ አለቃ «እሺ ጌታዬ» የምትል ነው የሚመስለው። ያ ምልክት ለእኔ ነበር። ከግራዋ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጬ የኖታ መጽሐፏን የምገልጠው እኔ ነበርኩ። ለገጽ ገላጭ አይጨበጨብም። ጥቁር ለብሶ፣ ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል፤ ሥራው የሚታወቀው ሲበላሽ ብቻ ነው።

እኔና እትዬ ፒያኖ መማር የጀመርነው አንድ ቀን ነው። በስድስት ወሩ አስተማሪው እናታችንን ጠርቶ «ታላቋን ለእኔ ተዪልኝ፤ ታናሿን ግን ስፌት አስተምሪያት» አላት። ከበሩ ጀርባ ቆሜ እየሰማሁ ነበር። ማን ይሙት፣ ያ ሰውዬ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል! ከዚያ በኋላ እትዬ በቀን ስድስት ሰዓት ስትለማመድ እኔ ሳህን አጥባለሁ፤ የእሷ ጣት እንዳይሻክር። አድጋ አዳራሽ መጫወት ስትጀምር «ገጽ ገላጭ ያስፈልገኛል፤ ኖታ ታነቢያለሽ?» አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ታዲያስ! አንቺ ስትማሪ እኔ ተኝቼ ነበር እንዴ?» አልኳት። አንዲት መስመር አላነብም። ስትነቀንቅ እገልጣለሁ፣ በቃ። ስምንት ዓመት በዚሁ ዘለቅን።

ከዚያ የከተማው ትልቅ ኦርኬስትራ አንድ ቋሚ የፒያኖ ተጫዋች ልቅጠር አለ። እትዬ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ስታልም የኖረችው ይህንኑ ወንበር ነው። ከስንቱ ተጣርቶ እሷና አንድ ሌላ ሰው ቀሩ። የመጨረሻው ፈተና ቀን የኦርኬስትራው ዳይሬክተር ሦስተኛው ረድፍ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። እትዬን ደግሞ ጉንፋን ይዟታል። ከሙዚቃው ዝግ ያለው ክፍል መሀል ስትደርስ ሳል መጣባት፤ አፍና ልታስቀረው ስትል አንገቷ ሰበር አለ። እኔ ነቀነቀች ብዬ ገለጥኩ። ሳሉ ሲያመልጣት ነው መሳሳቴ የገባኝ። የሚገርመው ጨዋታዋ ንቅንቅ አላለም። እኔ ግን ልመልሰው ስል ሦስት ወረቀት አንድ ላይ ተያያዘብኝ፤ ጎተት ባደርገው መጽሐፉ እንዳለ እጇ ላይ ወደቀ። ፒያኖው ጓ አለና ዝም አለ።

«ምንድን ነው?» አለ ዳይሬክተሩ።

እትዬ ተነስታ «ይቅርታ፣ በክርኔ ነካሁት» አለች።

እኔ መጽሐፉን አንስቼ ገጹን ማስተካከል ያዝኩ። «እኔ ነኝ» ማለት ምን ይከብዳል? ሁለት ቃል! ሰውዬው «መድረክ የሚያርበተብተው ሰው ለእኛ አይሆንም» ብሎ ማህደሩን ዘጋ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ወሬው ቶሎ ዞረ፤ ሌሎቹም አዳራሾች አንድ በአንድ ተዉአት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሆቴል እንግዳ መቀበያ ውስጥ ተጫወተች፤ አንዱ ሻንጣ ይጎትታል፣ አንዱ ስልክ ላይ ይጮኻል፣ አንዱ ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ ይጨቃጨቃል። እኔን አንድ ቀን አልወቀሰችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔም ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ሸሸኋት፤ በዓመት ሁለቴ ብንተያይ ነው። ሰው ስለሷ ሲጠይቀኝ «ምን ይደረግ፣ አልተጻፈላትም» እላለሁ። የኔ ነገር! እንዲህም ብዬ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣች። በመጨረሻው ቀን ሄጄ ከበስተጀርባዋ ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ። ያንኑ የፈተናውን ሙዚቃ ጀመረች። ፒያኖው ላይ አንዲት ወረቀት የለችም። እሷ ግን ጭንቅላቷን ዘንበል ታደርጋለች፤ ትንሽ ትቆይና እንደገና ዘንበል። ስትጨርስ ጠጋ አልኳት።

«እትዬ፣ መጽሐፍ በሌለበት ለማን ነው የምትነቀንቂው?»

ሳቀች። «ለምዶብኝ እኮ ነው። እኔ መቼ መጽሐፍ አይቼ አውቃለሁ? ሁሌም በቃሌ ነው።»

«ያን ቀንም?»

«ያን ቀንም።»

«ታዲያ እኔን ምን እንዳደርግልሽ ብለሽ ነው አጠገብሽ ያስቀመጥሽኝ?»

የፒያኖውን ክዳን ቀስ ብላ አወረደችው። «ሳህን ስታጥቢ እያየሁ ነዋ ያደግኩት። አንቺም መድረክ ላይ ትቀመጪ ብዬ ነው። ኖታ እንደማታነቢ መች አጣሁት? አንገቴ እስኪቀጭ የምነቀንቀው እኮ ለዚያ ነበር፣ አንቺ ሞኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። አፌን ከፈት ሳደርግ አንድ የሆቴሉ ሠራተኛ መጥቶ «እማማ፣ ፒያኖውን እንሸፍነው?» አላት። ጭንቅላቷን ነቀነቀችለት። የእኔ እጅ ሳላዘው ገጽ ሊገልጥ ብድግ አለ።

ይቅርታውን ዛሬም አላልኳትም።