የእትዬ ብርቄ ቦርድ አልሞተም

በ2010 ዓ.ም. ክረምት፣ ኮልፌ ውስጥ በአንድ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያ ቀን የሱቁ ባለቤት ጋሽ ተሾመ ካቻቢቴ አልሰጡኝም። የሰጡኝ ብሩሽ ነው። «የእነዚህን ሁሉ ማሽኖች አቧራ ጥረጊ። ስትጠርጊ የቱ የት እንዳለ ታውቂያለሽ» አሉኝ። እስክንዘጋ ድረስ ስጠርግ ዋልኩ። ያሉት እውነት ነበር። ልጆቼን ብቻዬን በማሳድግበት ጊዜ ሥራ የሰጡኝም ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ምስጋናዬ ዛሬም እንዳለ ነው።

ቆይቶ ከጠጋኞቹ ጠረጴዛ ላይ ቦታ አገኘሁ። አጠገቤ የሚሠራው ሚኪ የሚባል ጎበዝ ጠጋኝ ነበር። ማሽን ከመክፈቴ በፊት አማትባለሁ።

«ሶስና፣ ሳይጠመቅ አይከፈትም?» ይለኛል።

«ለአንተም ጠበል ቢረጭብህ አይጎዳህም» እለዋለሁ።

ሌላ ወሬ ብዙም አልነበረንም። እንሠራለን።

ከሦስት ክረምት በኋላ፣ በፍልሰታ ጾም፣ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት ኮምፒውተራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከአስኮ በታክሲ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ የሚተዳደሩት በኮምፒውተር ጥልፍ ነው። በተማሪዎች ሹራብ ላይ የትምህርት ቤቱን አርማ ይጠልፋሉ።

«መብራት ሄዶ ነበር» አሉ። «ሲመጣ እንዳውቅ ብዬ ማብሪያውን አላጠፋሁትም። መጣና ጧ አለ። ከዚያ ሸተተኝ።»

ይህን የማያደርግ ሰው በሠፈራችን አላውቅም። መብራት መምጣቱን እንድናውቅ ሁሉን እንደበራ እንተወዋለን። መብራቱ ደግሞ ሲመጣ ቀስ ብሎ አይመጣም።

«ትምህርት ሊከፈት ነው፤ የትምህርት ቤቱ ሹራብ በሙሉ ቤቴ ተከምሯል» አሉ። «ካላደረስኩ ሥራውን ለሌላ ይሰጡብኛል። ከዚያ ወዲያ ምን ልሠራ ነው?»

ከፈትኩት። መብራቱን ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ከስሏል። ሁሉም የሚሰካበት ማዘርቦርድ ግን ንጹሕ ነበር፤ ያበጠም የጠቆረም ነገር አላየሁበትም። ችግሩ ማሽኑ ከቀጫጭኖቹ የቢሮ ማሽኖች አንዱ መሆኑ ነው። የእሱ ዓይነት ፓወር ሰፕላይ ገበያ ላይ የለም፤ ተራው ደግሞ በዚያ ጠባብ የብረት ኬዝ ውስጥ አይገባም። መፍትሔው ተራው ፓወር ሰፕላይ ያለበት ሌላ ሰፊ ኬዝ ወስዶ ቦርዱን፣ ራሙን፣ ሃርድ ዲስኩን፣ ሁሉንም ወደዚያ ማዛወር ነው።

ጋሽ ተሾመ መጥተው አዩት።

«ለምን ትለፊያለሽ? ቦርዱም አብሮ ሞቷል በያትና አዲስ እንሽጥላት።»

«ጋሼ፣ አልሞተም።»

«በምን አወቅሽ?»

«እርስዎስ ሳይሞክሩት በምን አወቁ?»

አዲስ ማሽን ለእትዬ ብርቄ አይሆንም ነበር። የጥልፍ መኪናቸው የድሮ ነው፤ የሚገናኘው ከኋላ ባለው ሰፊው የድሮ ሶኬት ነው። አዲሶቹ ማሽኖች ያ ሶኬት የላቸውም። ማገናኛ ኬብል ይሸጣል፤ ግን ለጥልፍ መኪና ብለው ከእኛ ገዝተው አልሠራም ብለው የመለሱ ነበሩ። ይህን ጋሽ ተሾመም ያውቃሉ።

«እንግዲያው ሞክሪ» ብለው ሄዱ።

እትዬ ብርቄ በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ጴንጤ ናቸው። ሳማትብ አይተው ፈገግ አሉ።

«አንቺ ወደ ማርያም፣ እኔ ወደ ጌታ። በሁለት በኩል ከያዝነው የት ያመልጣል?»

«እስከዚያው ያንን ካቻቢቴ ያቀብሉኝ፣ እትዬ።»

ቦርዱን ፈትቼ አወጣሁ፤ በአዲሱ ኬዝ አስቀምጬ በብሎን አሰርኩ። ኬብሎቹን ሰካሁ። ማብሪያውን ስጫን ማራገቢያው እንደ መዞር አለና ቆመ። ደግሜ ተጫንኩ። ያው ነው።

«ነፍሱ እየወጣች ነው» አለ ሚኪ።

ጋሽ ተሾመ ከወዲያ ሰሙ። «አላልኩም? በቃ። ቦርዱ ሞቷል ብለሽ ንገሪያት።»

እትዬ ብርቄ እዚያው ናቸው። ይሰማሉ።

«ያልሞተውን ሞተ አልልም» አልኩ።

ሰው ፊት መለስኩላቸው፤ ያ ነው ያስቆጣቸው።

«እንዲህ ከሆነ ነገ አትምጪ።»

«ነገን እግዚአብሔር ያውቃል። የዛሬን ግን ልጨርስ።»

የሞተ ቦርድ ማራገቢያውን እንዲያ አያንቀሳቅስም። አንድ ቦታ ከብረት ጋር ሲነካካ ግን ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ለማዳን ወዲያው ያጠፋል። ስለዚህ ቦርዱን መልሼ አወጣሁት። የራሱ ካርቶን ስላልነበረ የሚኪን የጫማ ካርቶን አነጠፍኩና በላዩ አስቀምጬ አበራሁት። ማራገቢያው ዞረ። አልቆመም።

ጥፋቱ ኬዙ ላይ ነበር። ቦርዱ ብረቱን እንዳይነካ ከፍ አድርገው የሚይዙት ትንንሽ የናስ እግሮች አሉ። በድሮው ጠባብ ኬዝ እግሮቹ ከብረቱ ጋር አብረው የተሠሩ ናቸው፤ ስለ እነሱ የሚያስብ የለም። በአዲሱ ግን ለትልቅ ቦርድ ታስቦ የታሰረ አንድ ትርፍ እግር ነበር። ቀዳዳ የሌለበት ቦታ ላይ የቦርዱን ጀርባ ይወጋል። በፒንሳ ፈታሁት። መልሼ ገጠምኩ።

እንደገና አበራሁ። እትዬ ብርቄ የሹራቡን አርማ ስክሪኑ ላይ ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«በጫማ ካርቶኔ ነው የዳነው» አለ ሚኪ።

ጋሽ ተሾመ ጠጋ ብለው አዩና «ጥሩ ሠርተሻል» አሉ። ቀጥለው «የነገው ነገር እንዳለ ነው» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ቃላቸውን ማጠፍ አይወዱም። እኔም አልለመንኩም።

እትዬ ብርቄ ከበር ላይ ቆመው ነበር። «ልጄ፣ ቤቴ መንገድ ዳር ነው። በረንዳው ባዶውን ነው የሚውለው።»

ለጀማሪዎች የምለው ይህ ነው፦ ቦርድ ሞተ ከማለታችሁ በፊት ከኬዙ አውጥታችሁ ሞክሩት። ሞክሩትና ከሠራ፣ ማንም ቢያዛችሁ ሞቷል አትበሉ።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ወደ ሱቁ ሄድኩ። የሱቁን ቁልፍ ለጋሽ ተሾመ አስረከብኩ፤ ስላስተማሩኝ አመሰገንኳቸው። ከዚያ አስኮ፣ እትዬ ብርቄ ቤት ወረድኩ። የጥልፍ መኪናውን ኬብል ሰክቼ የመጀመሪያው ሹራብ ተጠልፎ እስኪወጣ ቆሜ አየሁ። ሲወጣ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ዘረጋሁና «ኮምፒውተር ይጠገናል» ብዬ ጽፌ ሰቀልኩ።