ግማሽ ዙር

የሥራ ባልደረቦቿ «ሞግዚቷ» ይሏታል። ጎረቤቴ ናት። ስለ ሥራዋ የማውቀው ደረጃው ላይ ስንገናኝ የነገረችኝን ያህል ስለሆነ፣ ያጎደልኩት ነገር ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርታለች። በየሳምንቱ ዓርብ ከልኳንዳ ቤት የጥጃ ጉልበት ትወስዳለች። ባለልኳንዳው፣ ሥጋውን ትቶ አጥንት የሚመርጥ ሰው ከአንቺ ሌላ አላየሁም እያለ ይስቅባታል። እሷ የምትፈልገው መገጣጠሚያውን የሸፈነውን ነጭ ለጋ አጥንት ነው። በምላጭ እየላጠች የሩዝ ፍሬ እስኪያክል ትከትፈዋለች፤ ከዚያ ኢንዛይም ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ታሳድረዋለች። ኢንዛይሙ ለጋ አጥንቱን ሲያሟሟው ውስጡ ያሉት ሕዋሳት ይለቀቃሉ። ጠዋት አጥልላና አጥባ፣ በማይክሮስኮፕ ቆጥራ፣ ቀይ ምግባቸው ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ትጨምራቸዋለች። ተመራማሪዎቹ ከእነሱ ለተጎዳ ጉልበት የሚሆን ሽፋን ለማሳደግ ይሞክራሉ።

«ሕዋሳቱ እያንዳንዳቸው በየጎጇቸው ለብቻቸው ነው የሚኖሩት» አለችኝ አንድ ቀን። «ደም ሥር እንኳ አይደርሳቸውም።» ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፏን መፈለግ ጀመረች።

ጠርሙሱ ማሞቂያ ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ ክዳኑ ግማሽ ዙር መላላት አለበት። ጠብቆ ከተዘጋ አየር አይገባም፤ ሕዋሳቱ ያልቃሉ፤ የሳምንት ልፋት ገደል ይገባል።

አገር ውስጥ ከቤተሰብ የቀረቻት ታላቅ እህቷ ብቻ ናት፤ እሷ ዘንድ ለመድረስ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። እህቷ ጉልበቷን ስለሚያማት፣ በደወለች ቁጥር የእኔን መቼ ነው የምትሠሪልኝ ትላታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ነይ ትላታለች፤ ሞግዚቷም ሕዋሳቱን ሰበብ ታደርጋለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሳይተያዩ ሦስት ዓመት ሆነ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን መቅረት አልነበረም። እህቷ በማግስቱ ጠዋት ሩቅ አገር ወዳለው ልጇ ጠቅልላ ልትሄድ ነው። ሞግዚቷ ሥራዋን በጥድፊያ ጨርሳ የቀትሩን አውቶቡስ፣ የዕለቱን የመጨረሻ፣ ደረሰችበት። መንገዱ ሲጋመስ ጭኗ ላይ ያረፈ እጇን አየች። ክዳኑን አላልቻለሁ? ጨርሶ ትዝ አላላትም። ቅዳሜ ከሰዓት ደውላ ክዳን የምታስፈትሸው ሰው የለም።

ወረደች። መንገዱን ተሻግራ በሚመለስ መኪና ተሳፈረች።

ክዳኑ ግማሽ ዙር ላልቶ ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው። የማሞቂያ ሳጥኑ ማስጠንቀቂያ፣ ተከፍቶ ቆየ ብሎ እስኪጮህ ድረስ በሩን ይዛ ቆመች።

«እትዬ፣ ከመንገድ ተመለስኩ» አለች ለእህቷ ደውላ።

እህቷ ሳህን ስትሰበስብ ይሰማ ነበር።

«ሞተው ነው?»

«የለም። ደህና ናቸው።»

«እንኳን ደህና ሆኑልሽ።» ድምፅዋ ላይ ቅሬታ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር ብላኛለች። «ጉልበቴን ስትጨርሺው ትልኪልኛለሽ። አደራ።»

ሰኞ ደረጃው ላይ አገኘኋት። ቅዳሜ ለእህቷ ልትሰጣት የሠራችውን ጉልበት ማሞቂያ የሱፍ ሹራብ ይዛለች። ይሆንህ እንደሆነ እስቲ ለካው አለችኝ።

ጠበበኝ። ልክ ነው አልኳት።