ጋሼ እና አዲሱ በርሜል

ጠመንጃውን ይዤ ቤት የገባሁ ቀን ጋሼ ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ሳሎን ቁጭ ብለው ነበር የጠበቁኝ። ኮፍያቸውን አድርገዋል፤ ጫማቸውንም አስረዋል።

«እንግዲህ እኔ ልሂድ» አሉ።

ጋሼ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። አባቴ ቀድሞ ስለሞተ ደሴ ያሳደጉኝ እሳቸውና ሚስታቸው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ እኔና ባለቤቴ ወደ ሜልቦርን አመጣናቸው፤ ዊንድሃም ቬል ያለው ቤታችን ውስጥ ወደ መንገዱ የሚያየው ክፍል የእሳቸው ነው። ጉልምስናቸውን የጨረሱት በውትድርና ነው። ስለዚያ ዘመን ጠይቀናቸው መልስ አግኝተን አናውቅም። «አልፏል» ይላሉ፣ ከዚያ ዜና ይከፍታሉ።

ጠመንጃ ልገዛ እንደሆነ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። ደብቄ ያመጣሁት ነገር አይደለም። ያኔ ሻያቸውን አስቀምጠው፣ «ምን ልትገድይበት ነው?» አሉኝ።

«ወረቀት ነው የምመታው ጋሼ። ውድድር ነው።»

«ወረቀት በመቀስ ይቆረጣል» አሉና ሻያቸውን አነሡ። ቀልድ መስሎኝ ስቄ አለፍኩ። ለካ ቁም ነገራቸውን ኖሯል።

እኔ ሆስፒታል ውስጥ የኦፕራሲዮን መሣሪያ አጥቦና ቀቅሎ የሚያሽግ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። እዚያ ለብዙ ዓመት አብራኝ የሠራች፣ አሁን ጡረታ የወጣች አውስትራሊያዊት ባልደረባ አለችኝ። አንድ ቅዳሜ ወደ ዒላማ ተኩስ ክለቧ ወሰደችኝ። ከከተማው ወደ ምዕራብ፣ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ላይ ነው። ምንጣፍ ላይ በደረቴ አስተኝታ፣ ትከሻዬን አስተካክላ፣ በዓይን ብቻ ቢያዩት የጥፍር ያህል የማይሆን ነጭ ዒላማ አሳየችኝ። ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ ማሽን ይጮኻል፤ ስልክ ይጮኻል። እዚያ ግን ምንጣፉ ላይ የሚጠበቅብኝ በቀስታ መተንፈስ ብቻ ነበር። በክለቡ ጠመንጃ ስተኩስ ቆየሁ፤ የመሣሪያ ላይሰንስ አወጣሁ፤ በመጨረሻም የመግዣ ፐርሚት አውጥቼ የራሴን አዘዝኩ። አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ በርሜሉ፣ አረሩ የሚያልፍበት ቱቦው፣ ወፍራም፣ ከላዩ መነጽር ያለበት፣ ለሩቅ ዒላማ ብቻ የተሠራ ነው።

«ጋሼ፣ የት ነው የሚሄዱት?» አልኳቸው ሻንጣቸውን እያየሁ።

«ኖርዝ ሜልቦርን፣ ወዳጄ ጋ። ክፍል አለው። ባልሽ ያደርሰኛል።»

ወዳጃቸው መስጊድ የተዋወቁት፣ እንደሳቸው የወሎ ሰው፣ መንግሥት የሚያከራየው ረጅም ፎቅ ላይ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው። ባለቤቴ ከሺፍት ገና መግባቱ ነበር፤ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አንዴ እኔን፣ አንዴ ጋሼን አየና መኪናውን ሊያስነሣ ወጣ። ለመንኳቸው፤ እጃቸውን ያዝኩ። አልተቆጡም። ግንባሬን ሳሙኝና ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። የእኛ ሰው በሚበዛበት ፉትስክሬይ አንድ ሰው የሰማው ነገር እስከ ማታ ሁሉም ቤት ይገባል፤ «አጎቷን በጠመንጃ ለወጠች» ሲሉኝ ታየኝ።

እንዲያም ሆኖ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ሄድኩ። ግማሽ ልቤ ንዴት ነበር።

አዲስ በርሜል እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ እስኪለምድ ያስቸግራል። ውስጡ ሲሠራ የቀረ፣ ዓይን የማያየው ሻካራ ነገር አለው፤ አረሩ ሲያልፍ ከላዩ ያለውን መዳብ ፍቆ ያስቀራል። ስለዚህ አንድ ይተኮሳል፤ ከዚያ ጠመንጃው መቆሚያው ላይ ይደረግና በመወልወያ ዘንግ፣ የማጽጃ መድኃኒት በነካው ቁራጭ ጨርቅ ይወለወላል። ጨርቁ መጀመሪያ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ቀጥሎ ደግሞ የመዳቡ ሰማያዊ ይመጣል። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይወለወላል። ከዚያ እንደገና አንድ ይተኮሳል።

ባልደረባዬ አጠገቤ ተጣጣፊ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ ታቀብለኛለች። በግራችን የነበረ ሰውዬ ሲያየን ቆየና፣ «ይሄ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው፤ ዝም ብለሽ ተኩሺበት፣ ራሱ ይለሰልሳል» አለኝ።

«እውነቱን ነው?» አልኳት።

«ሊሆን ይችላል» አለች። «ግን በመታጠብ የተበላሸ ነገር እኔና አንቺ አይተን እናውቃለን?»

ሳቅን። ያን ቀን ከተኮስኩት ይልቅ የወለወልኩት በለጠ። እየቆየ ሰማያዊው እየሳሳ መጣ፤ ወደ ማብቂያው ላይ ጨርቁ ትንሽ ብቻ ወዝቶ መውጣት ጀመረ። እጄ መድኃኒት መድኃኒት እየሸተተ ወደ ቤት ስመለስ፣ ጋሼ የሌሉበት ቤት ቴሌቪዥኑ ዝም ብሏል።

ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስወጣ ኖርዝ ሜልቦርን እሄድ ጀመር። የሚወዱትን ቀይ ወጥ በሳህን ይዤ በሊፍት እወጣለሁ። ስለ ባሌ ይጠይቃሉ፣ ስለ ልጆቻችን ይጠይቃሉ፣ ስለ ጉልበቴ ሕመም ይጠይቃሉ። ስለዚያ ነገር ግን ትንፍሽ አይሉም። አንድ ዓርብ ወዳጃቸው ወደ ሱቅ ወርዶ ብቻችንን ስንሆን እኔው አነሣሁት።

«ጋሼ፣ ካዝና ውስጥ እኮ ነው። ካዝናው ግድግዳው ላይ በብሎን ታስሯል። ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ፖሊስም መጥቶ ሊያይ ይችላል፤ ሕጉ ጥብቅ ነው።»

«ቁልፉንማ መች ፈራሁት።»

«ታዲያ ምንድነው?»

ከመስኮቱ ወደ ታች፣ ወደ ባቡሩ ሐዲድ አዩ። «እንደምትቆልፊው አውቃለሁ። ጠንቃቃ ነሽ። ግን እኔ ጋደም ስል የት ጋ እንዳለ አውቃለሁ። በየትኛው ግድግዳ በኩል እንዳለ አውቃለሁ። እንዲህ ሆኜ ብዙ አድሬያለሁ ልጄ። አሁን በእርጅናዬ እንደገና አላድርም።»

ሊፍቱ ውስጥ ስወርድ ንዴቴ ሁሉ ጠፍቶ ነበር፤ የቀረኝ መላ ማጣት ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን የጥይት ሥራውም አልሰምር ብሎኝ ነበር። የሩቅ ዒላማ ተኳሽ ጥይቱን ከሱቅ ገዝቶ ዝም ብሎ አይተኩስም፤ ለራሱ በርሜል የሚስማማውን ራሱ ፈልጎ ያዘጋጃል። የተተኮሰውን ቀለህ አጥቦ፣ ቅርጹን መልሶ፣ ባሩዱን መዝኖ፣ አረሩን ከላይ ይተክላል። ባሩዱን ከአምራቹ መመሪያ ሳይወጣ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ እያደረገ ለየብቻ ያሽግና፣ በየትኛው ልክ የታሸገው ጥይት ወረቀቱ ላይ ተሰብስቦ እንደሚያርፍ ያያል። የኔዎቹ አልሰበሰብ አሉ። ወደ ጎን ደህና ናቸው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን እንደ መሰላል ይደረደራሉ። ባሩዱን ጨመርኩ፣ ቀነስኩ፣ ያው መሰላል ነው።

አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ይህን ለባለቤቴ ሳማርር ሰማኝና፣ «የጋሼስ ነገር?» አለኝ።

«ምን ላድርግ?»

«ጠመንጃውም ማደሪያ ይፈልጋል፣ ጋሼም ማደሪያ ይፈልጋሉ። ከሁለቱ አንዱ የሰው ቤት ማደር ካለበት ብርድ የማይሰማው ይሁን።»

እንዴት እስከዛሬ እንዳልመጣልኝ አላውቅም። ምናልባት የራሴ ጠመንጃ፣ በራሴ ቤት የሚለው ነገር ይዞኝ ይሆናል። ያን ቀን ከሥራ መልስ ባልደረባዬ ጋ ፉትስክሬይ ሄድኩ። አሮጌ የእንጨት ቤት አላት፤ ጋራዡ ውስጥ የሟች ባሏ ትልቅ ካዝና ከግድግዳው ጋር ታስሯል፣ ግማሹም ባዶ ነው። ነገሩን ከጋሼ ጀምሬ ነገርኳት። ስታዳምጠኝ ቆይታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ሽማግሌው አሁን ይተኛሉ?»

«ኖርዝ ሜልቦርን ይተኛሉ።»

«እንግዲያው አምጪው» አለች።

ማስቀመጫው መለወጡን ለፖሊስ አሳወቅኩ፤ ጠመንጃውን፣ ባሩዱን፣ ሚዛኑን፣ ሁሉንም ጭኜ ወሰድኩ። የኔን ካዝና ባለቤቴ ፈትቶ ሸጠው። ከዚያ ጋሼን ለማምጣት ራሴ ሄድኩ።

«ወጥቷል» አልኳቸው።

«ሸጥሽው?»

«አልሸጥኩም። ሌላ ቤት ነው ያለው።»

«እሱስ ያንቺ ነገር ነው» ብለው ኮፍያቸውን ፈለጉ። ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ ያዩት ካዝናው የነበረበትን ግድግዳ ነው። የብሎኖቹ ቀዳዳ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ በእግራቸው ወደ ሱቅ ሄደው መድፈኛ ገዝተው፣ ደፍነው፣ በአሸዋ ወረቀት አስተካክለው፣ ቀለም እየቀቡ አገኘኋቸው። ቀለሙ ከግድግዳው ጋር አልገጠመም። እስካሁን ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ይታያል።

የጥይቱ ነገር ባልደረባዬ ጋራዥ ውስጥ መልክ ያዘ። የኔ ሚዛን ቤት ሳለ የማሞቂያው አየር ሥር ነበር የሚቀመጠው፤ ቁጥሩ አንድ ቦታ አይቆምም ነበር፣ እኔም ልብ አላልኩትም። እሷ ጋ ቀጥ ብሎ ቆመ። በዚያ ላይ አረሩን ስተክል አንዱን ጠበቅ፣ አንዱን ላላ እንደማደርግ አይታ የቀለሁን አንገት አስተካከለችልኝ። መሰላሉን ያጠፋው ሚዛኑ ይሁን የቀለሁ አንገት፣ ወይም በርሜሉ ራሱ ለምዶ እንደሆነ በትክክል አላውቅም። ብቻ አንድ ቅዳሜ ባሩዱን ትንሽ ብጨምርም ትንሽ ብቀንስም አረሩ ከፍታውን የማይለቅበት ቦታ አገኘሁ። እሱን ያዝኩ። ከዚያ አረሩን በጥቂቱ ወደ ውስጥ ገፋ፣ ወደ ውጭ ሳብ እያደረግኩ ስሞክር፣ ቅርብ ርቀት ላይ ቀዳዳዎቹ ተነካክተው እንደ ባቄላ ያለ አንድ ቀዳዳ ሆኑ። ባልደረባዬ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችና፣ «በቃ፣ ከእንግዲህ አትነካኪው» አለች።

የክለቡ የሩቅ ርቀት ውድድር ቀን ባለቤቴ ሺፍት ነበረው፤ ልጆቹም ጨዋታ ሄደዋል። ልወጣ ስል ጋሼ በር ላይ ቆመው፣ «ብቻዬን ምን እሠራለሁ፤ ልምጣ» አሉ። ደነገጥኩ። «መኪና ውስጥ ነው የምቀመጠው» ብለው ጨመሩ።

እንዳሉትም መኪና ውስጥ ተቀመጡ፤ መስኮቱን እስከ ላይ ዘግተው። ተኩሱ ሲጀመር ዞር ብዬ አየኋቸው፤ መቁጠሪያቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፍተዋል። ውድድሩን ልተወው አሰብኩ። ተራዬ ስላልደረሰ ወደሳቸው ልሄድ ስነሣ የመኪናው በር ተከፍቶ ወጡ።

ባልደረባዬ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችላቸው፤ የጆሮ መከላከያም ሰጠቻቸው። «ቴንኪው» አሉና ተቀመጡ። ፊት ለፊታቸው ዒላማውን የምናይበት ትልቁ መነጽር ቆሟል። ሲያዩት ቆዩና፣ «ይታያል?» አሉኝ።

«ይታያል ጋሼ። ይዩ።»

ዓይናቸውን አስጠጉ። ለረጅም ጊዜ አላነሡም። ሜዳው ላይ የነፋስ ማሳያ ባንዲራዎቹ በየርቀቱ ይወዛወዛሉ፤ መጨረሻ ላይ ነጩ ዒላማ፣ ከኋላው የአፈር ክምር፣ ከዚያ ሰማይ ነው።

«ሰው የለም» አሉ።

«የለም ጋሼ።»

«ከኋላውም የለም?»

«ከኋላውም የለም። አፈር ነው።»

ከመነጽሩ ቀና ብለው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ከነፋሱም ሊሆን ይችላል፣ ያን ቀን ብርቱ ነበር። «እኔ ዘመኔን ሁሉ ሳይ ማዶ ሰው ነበር» አሉ። ባልደረባዬ ምን እንዳሉ አልገባትም፤ ሻይ በፔርሙዝ ክዳን ቀድታ ሰጠቻቸው። ተቀብለው ጠጡ።

ተራዬ ደርሶ ተኛሁ። ጥይቴ አላሳፈረኝም፤ ከፍታው አንድም ጊዜ አልተዛነፈም። ያሸነፈኝ ነፋሱ ነው። ሁለቴ ባንዲራው ሲዞር ሳላየው ቀርቼ ወደ ቀኝ ተወሰድኩ። ውጤቱ ሲነበብ መሃል አካባቢ ነበርኩ።

«አሸነፍሽ?» አሉኝ ጋሼ ወደ መኪናው ስንሄድ።

«መሃል ነኝ።»

«መሃል ደግ ነው። እኛም ስንሰለፍ መሃሉን ነበር የምንሻማው» አሉና ሳቁ። ከዚያ ዘመን የነገሩኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። መንገድ ላይ ሌላም ጨመሩልኝ፤ አብሯቸው ስለተሰለፈ፣ መዝፈን ስለሚወድ ልጅ። መጨረሻው ምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ጠመንጃው አሁንም ባልደረባዬ ቤት ነው። ይመለስ አላልኩም፣ እሳቸውም ይመለስ አላሉም። አንዳንድ ቅዳሜ አብረውኝ ይመጣሉ፤ አንዳንዴ ብርዱን ጠልተው ይቀራሉ። የሚቀሩ ቀን እንኳ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጓሮ ወጥተው ጥቂት ይቆሙና፣ እኔ ቁርስ ስበላ ገብተው፣ «ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ነው፤ ይበረታብሻል። ሹራብ ደርቢ» ይሉኛል።