የልጄ መኪና ቸርኬና የባትሪው ዋስትና

በየካ አባዶ ጎማና ቸርኬ አዋቂ ማነው ቢባል እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። የፈታሁት ቸርኬ ላይም መኪናው እስከዚያ የሄደውን ኪሎሜትር በቀለም እጽፋለሁ።

ልጄ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝታ ጥቂት እንደነዳች፣ የእንጦጦ ዳገት ላይ እንዲያምርባት ብዬ ሰፋፊ ቸርኬ ገጠምኩላት። ከወራት በኋላ ባትሪው ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። የፋብሪካውን ቸርኬ ከኋላ ጭነን ወደ ሻጩ ጋራዥ ሄድን።

ቴክኒሻኗ ጎማውን ስታይ ራሷን ነቀነቀች። «አባባ፣ ይሄን የገጠመው ማነው?»

«እኔ ነኛ! ምን ጎደለው?»

«ዋስትናው ነዋ! የፋብሪካው ያልሆነ ቸርኬ ለሚያበላሸው ነገር ዋስትና የለም።»

«አባዬ፣ ጉድ ሠራኸኝ» አለች ልጄ። ባትሪ የምትገዛበት አቅም የላትም።

«ቸርኬ ቢያበላሽ ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ነው የሚያበላሸው፤ ባትሪውን ምን አገባው?» አልኩ።

ቴክኒሻኗ ኮምፒውተሯን ሰካች። ወይ ጉድ! መኪናዋ ሕመሟን ሁሉ ከነኪሎሜትሩ መዝግባ ኖሯል። ዕድሜዬን ሙሉ በጆሮዬ ስፈልገው የኖርኩትን የመኪና ሕመም ተጽፎ አየሁት። የፋብሪካውን ቸርኬ ስፈታ በላዩ ከጻፍኩት ቁጥር ጋር ስናስተያየው ባትሪው የታመመው ሰፋፊውን ከመግጠሜ አስቀድሞ ነው።

«ባትሪው ይሸፈናል፤ ሰፋፊው ቸርኬ ያበላሸው ኩሽኔታ ግን የእርስዎ ዕዳ ነው» አለች።

ባትሪውን በዋስትና አስቀየርኩ። የፋብሪካውን ቸርኬ መለስኩ። የሚንኳኳውን ኩሽኔታ በእጄ ቀየርኩ። ከልጄም ጋር ታረቅኩ።